የሐኪሞቹ አልቃሽ

መሰለች ሬሳ በሌለበት አልቅሳ አታውቅም ነበር። ይህን ሕግ ያስያዘቻት አክስቷ ናት። አክስቲቱ በአቃቂ፣ በድሮው ባቡር ጣቢያ ሰፈር፣ የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ለቅሶ ቤት ገብታ አንድ ግጥም ስታወርድ፣ የሟቹን ስም እንኳ የማያውቅ መንገደኛ ቆሞ እንባውን ይጠርጋል ይባልላት ነበር። መሰለች ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ እሷ ዘንድ ስትቀመጥ፣ ሙያውን ከእንጀራው ጋር አብራ ቀመሰችው። «ልጄ» ትላት ነበር አክስቷ፣ «አፍሽን ጠብቂው። መጀመሪያ ሞት፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶ ነው። በባዶ አልጋ ላይ ያለቀሰ ሰው እንግዳ ጠራ ማለት ነው። እንግዳው ሲመጣ ደግሞ የሌላ ሰው ቤት አይገባም፤ የሚመጣው የጠራው ሰው ቤት ነው።»

መሰለች ይህን ይዛ አደገች፤ ይዛም አገባች። ባሏ ወልደሚካኤል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ሦስት ወለደችለት። ሁለቱ ክርስትና ከተነሡ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱባት፤ እድላዊት ብቻ ተረፈች። ወልደሚካኤልም በሳል ተይዞ እንደ ሻማ አለቀና ሄደ። ከዚያ ወዲያ መሰለች ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ሆነች። በሥራ ቀን ኮሪደር ታጥባለች፤ እሑድ እሑድ የሰው ለቅሶ ታለቅሳለች። ስለ ሁለቱም ቅሬታ አልነበራትም። ኑሮ ማለት ይኸው ነው ብላ ከተቀበለች ቆይታለች።

ፌሎዎቹ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ሁሉም የሚጠሯቸው እንዲህ ነበር። ሐኪም የሆኑ፣ ከዚያም በልጆች ሕክምና ስፔሻሊስት የሆኑ፣ አሁን ደግሞ እንደገና ሁለት ዓመት ተማሪ ሆነው፣ ነፍሱ በአፍንጫው የደረሰ ሕፃን ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ብቻ የሚማሩ ናቸው። ሮዳስ የምትባል የጽዳት ባልደረባዋ ይህን ስትሰማ መወልወያዋን ተደግፋ ሳቀች።

«እትዬ መሰሉ፣ ስንት ጊዜ ነው ሐኪም የሚኮነው? እኛ አንዴ ጽዳት ሆነን ቀረን።»

«ዝም በይ አንቺ፣ ይማሩ። ልጅ የሚሞተው ባለማወቅም ነው» አለቻት መሰለች።

ፌሎዎቹ ከድንገተኛ ክፍሉ ቀጥሎ ባለች ክፍል ውስጥ ይለማመዱ ነበር። አልጋው ላይ የላስቲክ ሕፃን ተኝቷል። ሆዱ ውስጥ ያለው ማሽን ደረቱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከንፈሩ ሲፈልጉ ይጠቁራል፤ ያለቅሳል፤ ያቃስታል። አንዱ ሐኪም እግርጌው ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ምንም ሳይነካ ያዛል። ሌሎቹ የታዘዙትን ሲፈጽሙ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። «ኦክስጅን!» «ሰጥቻለሁ!» መምህራቸው ዶክተር ሀብተሚካኤል ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ በስልኩ የላስቲኩን ልጅ አንዴ ያሽለዋል አንዴ ያከፋበታል። መሰለች ወለሉን ስትወለውል ቀና ብላ ላለማየት ትጥር ነበር። ነፍስ የሌለው ነገር ሲተነፍስ ማየት አትወድም።

አንድ ቀን ከፌሎዎቹ አንዷ፣ ዶክተር ማህሌት፣ ኮሪደር ላይ ጠበቀቻት። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ሥር ሁልጊዜ የጠቆረ ልጅ ናት።

«እትዬ መሰለች፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር።»

«ምን ልታዘዝ፣ ዶክተር?»

«ስንለማመድ እናት ሆነው እንዲቀመጡልን ነው። ሕፃኑ ያው አሻንጉሊቱ ነው። እኛ ልናተርፈው እንሞክራለን፤ ከዚያ አንዳችን መጥተን እንነግርዎታለን።»

«ምኑን ነው የምትነግሩኝ?»

«አለመትረፉን።»

መሰለች አማተበች። «በስመ አብ! ዶክተር፣ ይሄማ ሟርት ነው።»

«ትምህርት ነው እንጂ ሟርት አይደለም» አለች ማህሌት በቀስታ። «እርስዎ ላይ ካልተለማመድን፣ እውነተኛዋ እናት ላይ ነው የምንለማመደው። ባለፈው ወር ለአንዷ የነገርኳት እኔ ነኝ። እንዴት እንደነገርኳት አይጠይቁኝ።»

ሰው እንዲህ ሲልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? የጽዳት ኃላፊዋም «እሺ በይ፣ ከሽንት ቤቱ አንሥቼ አንሶላ ክፍል አደርግሻለሁ» አለቻት። መሰለች እሺ አለች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጥንቃቄ አለፈቻቸው። ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ሐኪሙ መጥቶ ይነግራታል፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «ወይኔ፣ ወይኔ» ትላለች። ከአንገት በላይ ነው። ልቧን ቤቷ ትታው ነበር የምትመጣው። ሮዳስም አልማረቻትም። «የአሻንጉሊቱ እናት! ዛሬስ ማንን ቀበሩ? ንፍሮ የለም?» ትላት ነበር።

የማህሌት ተራ የደረሰ ቀን ግን ሌላ ሆነ። ማህሌት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት።

«እናት፣ ልጅዎ በጣም ደክሞ ነው የመጣው። የሚቻለንን ሁሉ አደረግን። እና… አልሆነም። አልተመቸውም።»

«ቃሉን በይው» አላት ዶክተር ሀብተሚካኤል ከጥግ ሆኖ። «አልተመቸውም ብትያት ነገ ይመቸዋል ብላ ትጠብቃለች።»

«አረፈ…»

«ቃሉን፣ ማህሌት።»

በመሰለች ሰፈር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ለእናት «ልጅሽ ታሟል» ተብሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። ቃሉን የሚናገር አፍ የለም፤ ቃሉን ሐዘንተኛው ራሱ ከሰዎቹ ፊት ያነበዋል። ማህሌት ግን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «ልጅሽ ሞቷል» አለቻት። ልጅሽ። አንቺ ብላ።

ቃሉ ሲገባ የት እንደገባ መሰለች አላወቀችም። የቀበረቻቸው ሁለቱ ሕፃናት ተነሡባት። ከወንበሩ ወርዳ መሬት ተቀመጠች፤ ጉልበቷን መታች፤ አፏ ሳታዝዘው ተከፈተ።

«ወተቱ ሳይደርቅ ከጡቴ፣ ክንዴ ሳይዝል ከማቀፉ፣
የማንን በር ፈልገው ነው በኔ ደጃፍ ያለፉ?»

ፌሎዎቹ በሙሉ አለቀሱ። ዶክተር ሀብተሚካኤል መነጽሩን አውልቆ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከኮሪደሩ ሰው እየሮጠ መጥቶ በሩን ከፈተ። ለቅሶው ሲያልቅ መሰለች ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው የላስቲኩን ሕፃን ነው። ማሽኑን ያጠፋ ሰው አልነበረም፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ገባት። በባዶ አልጋ ላይ አልቅሳለች።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስትመለስ እድላዊት በር ላይ ጠበቀቻት። ፊቷ በርቷል። ባሏ የሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ስለሆነ እድላዊት እናቷ ዘንድ ናት የምትኖረው። ከተጋቡ ጀምሮ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም ነበር።

«እማ፣ ልነግርሽ ነው፣ እንዳትጮሂ» አለች እየሳቀች። «አርግዣለሁ።»

መሰለች አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እድላዊት ደስታ መሰላት።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሰለች እንግዳውን መጠባበቅ ጀመረች። ለማህሌት «ጉሮሮዬን አሞኛል» ብላ እናት መሆኑን ተወች። የእድላዊትን እርግዝና ሆስፒታሉ ውስጥ ለማንም አልተናገረችም፤ ሮዳስ እንኳ አልሰማችም። ለቅሶ ቤትም መሄድ ቀረች። ሰፈሩ አጉረመረመባት። «መሰለች ኮራች፣ ከሐኪሞች ጋር ስለዋለች የኛ ሬሳ አነሳት» አሏት። አፏን ከፍታ እንግዳውን እንደገና እንዳትጠራው ነበር የምትፈራው። እሱ ግን አንዴ ተጠርቷል፤ መንገድ ላይ ነው።

መድረሱን ያወቀችው እድላዊት ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው። ቀን ነበር፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የመኪናው አቧራ ከአስፋልቱ እስከ ግቢው ድረስ ይገባል። መሰለች በር ላይ ልብስ ታሰጣለች። አንድ ባጃጅ መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ። ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ጭኑ ላይ ትንሽ ሳጥን ይዟል፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰች፣ የሕፃን የሬሳ ሣጥን።

«እናቴ፣ ለቅሶ ቤቱ እዚህ ነው?» አላት ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ።

«እዚህ አይደለም» አለች መሰለች።

«ሰማያዊ በር ብለውን ነበር እኮ።»

የመሰለች በር ሰማያዊ ነው። ከውስጥ እድላዊት «ማነው እማ?» እያለች ልትወጣ ስትል፣ መሰለች ዘላ በሩን በላይዋ ዘጋችው። «ከድልድዩ ማዶ! ከድልድዩ ማዶ ሂዱ!» ብላ ጮኸች፤ ድልድዩ ማዶ ለቅሶ ይኑር አይኑር ሳታውቅ። ባጃጁ ዞሮ ሄደ። እሷ ግን ጀርባዋን በሩ ላይ አድርጋ፣ እርጥብ ልብሱን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ብዙ ቆየች። እንግዳው አድራሻ እየጠየቀ ነው።

ያን ቀን ነው ለኡምሀኒ የነገረቻት። ኡምሀኒ የግቢ ጎረቤቷ ናት፤ ከወሎ የመጣች፣ ሳሪስ አቦ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ፣ ባሏ ደርዊሽ መኪና ሲጠግን የሚውል፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፏ የማያርፍ ሴት። ብዙ ዘመን አብረው ኖረዋል፤ ጾሙም ዒዱም በአንድ ግቢ ያልፋል። የመሰለችን ሁለት ሕፃናት ሲቀብሩም ቤቱን ስትጠብቅ የዋለችው እሷ ናት።

ኡምሀኒ ሰምታ ለአንድ ጊዜ ሳትስቅ ቀረች። ከዚያ «ሽጪልኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«ልጁን ነዋ። እኛ አገር ልጅ የማይበረክትላት ሴት ለጎረቤት ትሸጣለች። የሰው ንብረት ይሆናል። የሚመጣው ነገር ያንቺን ቤት ልጅ ፈልጎ ሲመጣ ያጣዋል፤ የኔን ደግሞ አልተላከበትም።»

«በምን ትገዢዋለሽ?»

«በእፍኝ ጨው። ልብ በይ ግን፣ ከሸጥሽው ሸጥሽው ነው። ልጄ ብትዪው፣ የኔ ነው ብትዪ፣ ሽያጩ ፈረሰ።»

ልጁ ሲወለድ እንደዚያው አደረጉ። ወንድ ነበር። ኡምሀኒ ከጤና ጣቢያ ሲመጡ ጠብቃ፣ በመሰለች መዳፍ ላይ እፍኝ ጨው አፈሰሰች፤ ሕፃኑን ተቀብላ በጓሮ በኩል ወደ ቤቷ አስገባችው። ከዚያም በፊተኛው በር ይዛው መጣችና አንኳኳች።

«ቤቶች! እንግዳ ነኝ። ይህች ልጅ ማጥባት ትችላለች አሉኝ፤ ልጄን ታጥባልኝ።»

እድላዊት አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀችም አለቀሰችም። «እትዬ ኡምሀኒ፣ ስሙ ማነው ታዲያ?»

«ታጁ። ታጁ ደርዊሽ። እናንተ ሞግዚቶቹ ናችሁ፤ በሥርዓት ያዙልኝ፤ አለዚያ አባርራችኋለሁ።»

እድላዊት የመረጠችለት ስም ዘካሪያስ ነበር። ክርስትናውን አቦ ቤተ ክርስቲያን ማለዳ ወስደው፣ ድግስ ሳይደግሱ፣ በዝምታ አስነሡት፤ ስሙን ግን ቤት ውስጥ ማንም አይጠራውም። ሰው ሲጠይቅ «የኡምሀኒ ነው» ይባላል። መንደሩም ነገሩን ያውቃልና «አዎ የኡምሀኒ ነው» ብሎ ይመልሳል። እድላዊት ጡቷን ሰጥታው፣ ፊቱን እያየች፣ ልጄ የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ስትውጠው መሰለች ታያት ነበር። «ቻይው» ትላታለች። «ቻይው የኔ ልጅ፣ እስኪጠነክር ነው።»

*

ሳሉ የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። መጀመሪያ ያስነጥሰው ነበር፤ ከዚያ ጡት ሲይዝ እያነቀው ይለቅ ጀመር። ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች አፉን ከፍተው አዩት።

«እንጥሉ ወርዷል። አይታይሽም? ሳይቆረጥ ካደረ ያንቀዋል» አለች አንደኛዋ።

ኡምሀኒ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «የኔን ልጅ ምላጭ አታስነኩብኝ! የእህቴ ልጅ በዚህ ነው የሄደ። ነገ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።» ብላ ወደ ገበያዋ ሄደች።

መሰለች ግን ነገን መጠበቅ አልቻለችም። ሕፃኑ በተነፈሰ ቁጥር የላስቲኩ ልጅ ደረት ይታያታል። ሆስፒታል ልውሰደው ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ ያቺ ክፍል፣ ያ አልጋ፣ የለቅሶዋ ድምፅ የቀረበት ግድግዳ ታወሳት። የጠራሁት እዚያ ነው፤ በገዛ እጄ ወስጄ ላስረክበው? አለች በልቧ። ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ከወንዙ ወዲያ ወዳለችው እንጥል ቆራጭ ወሰደችው። እድላዊት እያለቀሰች ተከተለቻት። ሥራው የአፍታ ነበር። ሕፃኑ ጮኸ፤ ደም ተፋ፤ ሴትዮዋ አፉን ጠረገችው። «አሁን ይጠባል» አለች።

ጥቂት ጠባ። ሲመሽ ደሙ የቆመ መሰላቸው። ለኡምሀኒ እንዳትነግሪ ተባባሉ።

ግን ደሙ አልቆመም፤ ወደ ውስጥ ነበር የሚፈሰው፤ ሕፃኑ ይውጠዋል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ፊቱ ጥጥ መሰለ። የእጁ መዳፍ ነጣ። ማልቀሱን ተወ፤ ማልቀሱን ሲተው መሰለች ዐወቀች። ኡምሀኒ ወደ ጤና ጣቢያ ልትወስደው ልብሷን ለብሳ ስትገባ፣ አየችውና ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ።

«ታጁን ምን አደረጋችሁት?»

«ምንም» አለች መሰለች።

ደርዊሽ ባጃጅ አስጠራ። ሦስቱ ሴቶች ተጣበው ገቡ። ቃሊቲ ላይ የጭነት መኪኖቹ መንገዱን ዘግተውት፣ ጡሩንባው ጆሮ እየበጣ፣ ባጃጁ በመኪኖቹ መሃል እየተሽሎከለከ አለፈ። ኡምሀኒ ሕፃኑን አቅፋ በሹክሹክታ ዱዓ ታደርጋለች። መሰለች አልጸለየችም። ማን ይስማኛል አለች።

ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። ነርሷ ሕፃኑን ከኡምሀኒ ነጥቃ አልጋው ላይ አስተኛችው። ፌሎዎቹ ከበቡት። ማህሌት እግርጌው ቆመች፤ እጇን አጣመረች። «ኦክስጅን!» «ሰጥቻለሁ!» መሰለች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሁሉን ታውቀዋለች፤ አልጋው ላይ ያለው ብቻ ነው የተለወጠው።

ማህሌት ሳትዞር በዓይኗ ጥግ አየቻት። «እትዬ መሰለች፣ ያውቁታል ልጁን?»

«የጎረቤት ልጅ ነው።»

«እናቱ የታለች?»

«እኔ ነኝ» አለች ኡምሀኒ ወደ ፊት ወጥታ። «ታጁ ደርዊሽ ይባላል።» እድላዊት በር ላይ ቆማ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ወተቱ ልብሷን አርሶታል። ማንም አላያትም።

«ከየት ነው የደማው? ደም አንሶታል። ወድቋል? የተመታው ነገር አለ? ቤት ውስጥ የተደረገለት ነገር አለ?»

«አላህን እላለሁ፣ ምንም አልተደረገም» አለች ኡምሀኒ። እውነቷን ነበር፤ የምታውቀው ነገር የለም።

«ሳል ነበረው?»

«አዎ፣ ሳል ነው፣ ሳል ብቻ።»

ማህሌት ሕፃኑ ላይ ጎንበስ አለች፤ ደረቱን አዳመጠች፤ ሆዱን ነካካች። ፊቷ ላይ ያለማወቅ ጥላ ሲያልፍ መሰለች አየችው። ዶክተር ሀብተሚካኤል ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል፤ ዛሬ ግን በእጁ ስልክ የለም፤ እሱም እንደሌሎቹ ያያል። «ደም ይሰጠው» አለች ማህሌት። «እሱ ትንሽ ስለሆነ የሚስማማውን ደም የምናየው በእናቱ ነው። እናት፣ ክንድዎን ይስጡኝ።»

ኡምሀኒ እጅጌዋን ሰበሰበች። አላመነታችም። ገዝታዋለች፤ በዓይኗ ውስጥ ልጁ የሷ ነው፤ ወፍራም ክንዷን ለነርሷ ዘረጋችላት። ነርሷ ክንዷን በላስቲክ አሰረች፤ መርፌውን አወጣች።

መሰለች መርፌውን አየችው። ብትናገር ሽያጩ ይፈርሳል፤ እንግዳው ሲፈልገው የከረመውን ስም ከገዛ አፏ ይሰማል፣ ለዚያውም በዚህ ግድግዳ ሥር። ባትናገር ደግሞ የማያውቁትን ሲፈልጉ ልጁ በእጃቸው ይሄዳል። እድላዊትን ተመለከተቻት። እድላዊት ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን እምቢ ማለቷ አልታወቀም።

«ተይ!» አለች መሰለች።

ነርሷ ቆመች።

«የሷ አይደለም። ልጄ፣ አንቺ ማህሌት፣ ስሚኝ፤ የሷ አይደለም። የኔ የልጅ ልጅ ነው። እናቱ ያቻት፣ በር ላይ ያለችው። ስሙ ዘካሪያስ ነው። እንጥሉን አስቆረጥኩት፤ ትናንት፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት። ደሙን ሲውጥ ነው ያደረው።»

ማህሌት «ብርሃን!» አለች። አፉን ከፈቱት፤ ጉሮሮው ውስጥ የረጋ ደም ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ ትኩሱ ይወርዳል። «እዚህ ነው፤ አገኘሁት» አለች። አንዱ መጠጠው፣ አንዱ ያዘው፤ እድላዊትን ጎትተው አስገቧት፤ የሷ ክንድ ላይ መርፌው ገባ። መሰለችንና ኡምሀኒን ወደ ውጭ አወጧቸው፤ በሩም ተዘጋ።

ኮሪደሩ መሰለች በየቀኑ የምታጥበው ኮሪደር ነው። ኡምሀኒ ላስቲኩ እንደታሰረ ክንዷን ይዛ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ምላጭ አታስነኩብኝ አላልኩም ወይ?» አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረውም፤ የተሰበረ ነበር።

«ብለሻል።»

«ሞግዚት ተብለሽ ይህን ትሠሪ?»

ሮዳስ ባልዲዋን እየጎተተች መጥታ፣ ሁለቱን አየችና ቀልዷን ዋጠች። አጠገባቸው ቁጭ አለች።

በሩ ሲከፈት ማህሌት ነበረች። ወደ መሰለች ስትመጣ፣ መሰለች ከአግዳሚው ወርዳ መሬት ልትቀመጥ ጎንበስ አለች። ማህሌት ክንዷን ያዘቻት።

«አይቀመጡ። አለ። ልጁ አለ። ደሙ ቆሟል፤ ደም እየገባለት ነው።»

መሰለች ፊቷን አተኩራ አየቻት። ስትለማመድ አይታታለች፤ ይህን ግን ስትለማመድ አላየቻትም። ማህሌትም ቃሉን እንዴት እንደሚሉት የጠፋት ትመስል ነበር፤ «አለ» ብላ ደገመችላት።

«ለምን መጀመሪያውኑ አልነገሩኝም፣ እትዬ መሰለች? ትንሽ ቢቆይ ኖሮ…»

«ብነግርሽ የኛ ይሆናላ።»

ማህሌት አልገባትም።

*

ልጁ የሕፃናት ዋርድ ተኝቶ ከረመ። ማህሌት በየማለዳው ታየዋለች፤ ሌሎቹን ፌሎዎችም ይዛ መጥታ ጉሮሮውን ታሳያቸዋለች፤ ወደ ልምምዱ ክፍል ሲመለሱም ልጅ ገርጥቶ ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚጠየቅ ይማማራሉ አሉ። ኡምሀኒ በየቀኑ ምግብ ታመላልስ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እድላዊት ስታንቀላፋ፣ መሰለችን ጠጋ ብላ «ጨው ይዣለሁ። እንደገና ልግዛው?» አለቻት።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ስሙን ተናገርኩ። ሰምቷል።»

«ማን ነው የሰማው?» አለች ኡምሀኒ። ጠይቃ ሳትጨርስ ዞራ ኮሪደሩን አየች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ጨው አላነሣችም።

የወጡ ዕለት፣ ባጃጅ የሚጠራላቸው ደርዊሽ ሥራ ላይ ስለነበር በሚኒባስ ተመለሱ። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥቷል። እድላዊት ልጁን አቅፋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ፊቱ ላይ ደሙ ተመልሶ፣ ዓይኑን ከፍቶ መንገዱን ያያል። መሰለች ከጎኗ ሆና ነጠላዋን ፊቱ ላይ ጣል ልታደርግ እጇን ሰደደች፤ እድላዊት ግን «ተይው እማ፣ ይተንፍስ» አለቻት። «ዘካሪያስ» አለችው ቀጥላ፤ ከተወለደ ጀምሮ በስሙ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። «ዘኬ፣ ልጄ» አለች፤ እንደ ጠገበ ሰው ትንፋሿን ለቀቀች።

ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን አስግገው ልጁን አዩት። መሰለች አታውቃቸውም፤ የሰፈሩ ሰው አይደሉም።

«ውይ፣ ሲያምር! ዓይኑን እዩልኝ» አሉ ከፍ ባለ ድምፅ። «የማን ነው?»

እድላዊት ወደ እናቷ ዞረች። መሰለች ሴትዮዋን ቀና ብላ አየቻቸው።

«የኛ ነው» አለች።

ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ሰማ።